መቀመጥ የማይችል ልጅና የጥርስ ሐኪም ወንበር

የጥርስ ሐኪም ወንበር ከአንድ ልጅ ምን እንደሚጠይቅ እስቲ አስቡት። በጀርባህ ተኛ። አፍህን በደንብ ክፈት። አትንቀሳቀስ። አታውራ። ምላስህን አርቅ። መብራቱ ቢወጋህም ታገስ፤ ማሽኑ ቢጮህም ዝም በል። ይሄ ለአዋቂም ቀላል አይደለም። ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረት መያዝና ሰውነትን ማሳረፍ የሚያስቸግርበት ሁኔታ፣ ያለበት ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚታገላቸውን ነገሮች ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ፣ በማያውቀው ሰው ፊት፣ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል።

ትልቁ ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። ከነቃበት ሰዓት ጀምሮ የሆነ የሰውነቱ ክፍል ይንቀሳቀሳል፤ እግሩ ባይሆን ጣቱ፣ ጣቱ ባይሆን ምላሱ። ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ ሌላ ይጠይቃል። ፍቅሩ አያልቅም፣ ሳቁም እንደዚያው። እንደኔ ያሉ እናቶች አዲስ አበባ ውስጥ ስንገናኝ የምናወራው ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ መድኃኒትና ስለ እንቅልፍ ነው። የጥርስ ነገር የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ልጁ ሌሊት ጉንጩን ይዞ እያለቀሰ ከተነሳ በኋላ። እኔ ከዚያ በፊት እንዲነሳ እፈልጋለሁ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ኤዲኤችዲ የአስተዳደግ ጉድለት አይደለም። ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ ነው። ትኩረትን በመያዝ፣ የመጣለትን ነገር ለአፍታ በመግታት፣ ሰውነቱን በማሳረፍ ልጁ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ይቀራል። በዓለም ላይ ከ100 ልጆች 5 ገደማ የሚሆኑት እንዳለባቸው ይገመታል። የዘር ድርሻውም ከፍተኛ ነው። ባለቤቴ የልጁን ሁኔታ ሐኪሙ ሲያስረዳን ዝም ብሎ ቆየና "የኔን የልጅነት ታሪክ እኮ ነው የሚያወሩት" አለ። ስኳር አያመጣውም። ዱላም አያጠፋውም። ይሄን አጥብቄ የምናገረው የክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሰው ወደኔ ዞሮ የሚያስበውን ስለማውቅ ነው፤ "አሳዳጊ የበደለው!" አንዳንዱ በልቡ አይተወውም፣ ጮክ ብሎ ይናገረዋል።

የነዚህ ልጆች ጥርስ ቶሎ የሚጎዳው ጥርሱ ራሱ ከሌላው ልጅ ጥርስ ተለይቶ አይደለም። ችግሩ ያለው ዕለታዊ ኑሮው ላይ ነው። ልጄ ቡሩሽ ይዞ ሁለት ደቂቃ እንዲቆም ስትጠብቁ የፊቱን ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ ያደርግና ግድግዳው ላይ ያለች ጉንዳን ሐሳቡን ትወስደዋለች። መንጋጋዎቹ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። መድኃኒት ሲጀመር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የሱ መድኃኒት ሜቲልፌኒዴት ነው፤ አፍ ሊያደርቅ ይችላል። ምራቅ ጥርስ የሚበላውን አሲድ ያጥባል፣ ለጥርሱም ማዕድን ይመልሳል። ምራቅ ሲቀንስ መቦርቦር ይፈጥናል። መድኃኒቱ ቀን ላይ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ምሳ ዕቃው እንደሄደ ይመለሳል። ማታ መድኃኒቱ ሲለቀው ረሃቡ ተጠራቅሞ ይመጣል፤ ብስኩት፣ ዳቦ በማር፣ ጁስ፣ ያገኘውን ሁሉ፣ ልክ ከመኝታ በፊት። በዚያ ላይ ዘመድ ሁሉ ዝም ለማሰኘት ከረሜላ ያስጨብጠዋል።

ስለዚህ በኛ ቤት ቡሩሹ ያለው በኔ እጅ ነው። ስምንት ዓመት ሞልቶትም እኔ ነኝ የምቦርሽለት። ጀርባውን ደረቴ ላይ አስደግፌ፣ አገጩን በግራ እጄ ይዤ፣ ከኋላ መንጋጋዎቹ እጀምራለሁ። ትዕግሥቱ ካለቀ የሚቀረው የፊቱ ይሁን፤ እሱን እሱም አያጣውም። የማታውን ወደ መኝታ ሰዓት አላስጠጋውም። እራት እንዳለቀ እንቦርሻለን፣ ከዚያ በኋላ ውኃ ብቻ ነው። መፋቂያ ሲያገኝ ደግሞ ሌላ ልጅ ይሆናል፤ ግቢውን እየዞረ ሳይሰለች ይፍቃል። ሰውነቱ እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ ይመስለኛል። በመፋቂያ መሮጥ ግን ክልክል ነው። እንጨት አፍ ውስጥ ይዞ የወደቀ ልጅ ጉሮሮውን ሊወጋ ይችላል።

አማቴ ያደጉት ወንጂ ነው። ጥርሳቸው ላይ ያለው ቡናማ ቀለም ከአካባቢው የጉድጓድ ውኃ የመጣ ነው፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውኃው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የልጁ የጥርስ ሳሙና ላይ ፍሎራይድ የሚል ተጽፎ ሲነበብላቸው "የኛን ጥርስ የጨረሰው ይሄ አይደል እንዴ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ ገና በሚሠራበት ዕድሜ ብዙ ፍሎራይድ በየቀኑ ከተጠጣ መልኩን ያበላሸዋል። በልኩ ተቀብቶ የሚተፋ ሳሙና ግን መቦርቦርን ይከላከላል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ በላይ ላለ የአተር ያህል ይበቃል። ከተፋ በኋላ በብዙ ውኃ ባይጉመጠመጥ ይመረጣል፤ በተለይ አፉ ለሚደርቅ ልጅ ያቺ የቀረችው ትጠቅመዋለች። ስምጥ ሸለቆ አካባቢ የምትኖሩ ግን ስለምትጠጡት ውኃ የጥርስ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ የአማቴ ስጋት ባዶ ስጋት አይደለም።

አሁን ወደ ክሊኒኩ ልግባ።

መጀመሪያ የሄድንበትን ቦታ ስም አልጠራም። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ወረፋው ረጅም ነበር። ልጄ መጀመሪያ ወንበሮቹን ቆጠረ፣ ከዚያ በራቸውን ከፍቶ ዘጋ፣ ከዚያ የውኃ ማሽኑን ነካካ፣ ከዚያ ተቆጡት። ተራችን ሲደርስ የቀረችው ትዕግሥት ተሟጥጣ ነበር። ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ወረደ። ሐኪሙ "ያዙልኝ" አለ። አንዱ እጆቹን፣ አንዷ እግሮቹን ያዙ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ጥርሱ በጩኸት መሐል ተሞላ። "ይኸው ጨረስን፣ ምን ነበረበት?" ተባልን። ሙሌቱ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ፤ ፍርሃቱ ግን ቀረ። ከዚያ ወዲያ ነጭ ጋዋን ባየበት ሁሉ፣ ፋርማሲ ውስጥ እንኳን፣ ከኋላዬ ይደበቅ ጀመር።

ሐኪሙ ክፉ ሰው ነው ብዬ አላምንም። ውጭ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር። ፊት ካበጠ፣ ኢንፌክሽን ከተሰራጨ፣ ልጁን ይዞ መሥራት ግድ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለም አውቃለሁ። ግን ያኔም ቢሆን ለወላጅ ይነገራል፣ ይጠየቃል፣ ሌላ አማራጭ መኖሩ ይታያል። ለትንሽ ሙሌት የአንድን ልጅ እምነት ማጥፋት አይገባም። ከፊቱ ገና ብዙ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለ፤ በየሦስት ወሩ መታየት ያለበት ልጅ ደግሞ ከማንም በላይ ያንን ወንበር ሳይፈራ መቅረብ ያስፈልገዋል።

ክሊኒክ የምመርጠው አሁን በስልክ ነው። የምለው ይሄን ነው፤ "ልጄ ኤዲኤችዲ አለበት። የጠዋት የመጀመሪያውን ተራ ስጡኝ። በመጀመሪያው ቀን ምንም እንዲሠራለት አልፈልግም፣ ቦታውን እንዲያይ ብቻ ነው።" አንዳንዶቹ "ታዲያ ለምን ያመጡታል?" ይላሉ። አመስግኜ እዘጋለሁ። አንዷ ተቀባይ ግን "ቆይ፣ ዶክተሯን ላናግራትና መልሼ ልደውል" አለችኝ። ደወለችም። ለማየት ብቻ በሄድንበት ቀን የከፈልነው ካርድ ማውጫ ብቻ ነው።

ልጁ ያለበትን ነገር ክሊኒኩ ላይ መደበቅ የሚፈልጉ ወላጆች አውቃለሁ። ስም ይወጣለታል ብለው ነው፤ ይገባኛል። የጥርስ ሐኪም ግን መድኃኒቱን ማወቅ አለበት። የማደንዘዣው መርፌ ብዙ ጊዜ ውስጡ አድሬናሊን አለው። ሜቲልፌኒዴትም ሆነ ሌላው የኤዲኤችዲ መድኃኒት አቶሞክሴቲን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሐኪሙ ካወቀ መጠኑን ይመጥናል፣ ቀስ ብሎ ይወጋል፣ ልጁን ይከታተላል። መድኃኒቱን በዚያ ቀን ዝም ብሎ ማስቀረት ደግሞ መፍትሔ አይደለም። ያዘዘው ሐኪም ካላለ በስተቀር እኛ አናቋርጥም። እንዲያውም ቀጠሮውን የምይዘው በመድኃኒቱ ሰዓት ነው። የሱ አጭሩ ዓይነት ነው፤ በግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ አራት ሰዓት ገደማ ይቆያል። ጠዋት 1፡30 ቁርሱን በልቶ ከዋጠ፣ 3 ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ይችላል። ከምሳ በኋላ የሚሰጠኝን ቀጠሮ አልቀበልም።

ተራ መጠበቁም እንዲሁ። ልጁን መጠበቂያ ክፍል ውስጥ አላስቀምጠውም። ስልኬን ሰጥቼ "ተራው ሲደርስ ሚስኮል አድርጉልኝ" እላለሁ፤ እኛ ሕንጻውን እንዞራለን፣ ደረጃውን እንወጣለን፣ እንወርዳለን።

ቤት ውስጥ የሚባለው ነገር ሌላው ግማሽ ሥራ ነው። እኛ አገር ሐኪም ማስፈራሪያ ነው። "ካልበላህ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል!" ብሎ ያላደገ ማን አለ? ይሄ ቃል በቤታችን ቆሟል፤ ለአያቱም፣ ለሞግዚቷም፣ ለአጎቶቹም ነግሬያለሁ። "ምንም አያምህም" የሚለውም ቀርቷል። አንዴ ካመመው ሁለተኛ አያምነኝም። የምለው "ትንሽ ይነካሃል፣ እጅህን ካነሳህ ታቆማለች" ነው። ሳምንት ቀድሜ አልነግረውም፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠይቅ፣ እኔም ስመልስ እንሰነብታለን። ዋዜማውን ይበቃል። ጠዋት ቁራጭ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል እስላለሁ፤ ወንበር፣ መስታወት፣ መቁጠር፣ ውኃ፣ ቤት። እርሳሱን ይዞ ይሄዳል፣ ያለቀውን እየሰረዘ። መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ልጅ ይታገሳል። እንዲህ ላሉ ልጆች ከሕመሙ በላይ የሚከብደው ማለቂያው አለመታወቁ ይመስለኛል።

ዶክተሯ ጋዋን ሳትለብስ ኮሪደር ላይ ወጥታ ነው የተቀበለችን። "ጎበዙ፣ አንድ ነገር ላሳይህ" አለችው። ምራቅ የሚመጠውን ቱቦ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተተችው። ብርጭቆው ባዶ ሆነ። ልጄ "ድጋሚ!" አለ። ቱቦውን ሰጠችው፣ ራሱ አደረገው። ቀጥላ አየር የሚነፋውን መዳፉ ላይ ነፋችበት፤ ሳቀ። የጥርስ ማጽጃውን የሚሽከረከር ቡሩሽ በመጀመሪያ የራሷ ጥፍር ላይ፣ ከዚያ የሱ አውራ ጣት ጥፍር ላይ አስነካችው። ይሄ የልጆች የጥርስ ሕክምና ውስጥ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ዘዴ ነው፤ ትነግረዋለህ፣ ታሳየዋለህ፣ ከዚያ ትሠራለህ። አዲስ መሣሪያ አይፈልግም፣ ብርም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትንሽ ጊዜ ነው።

ከዚያ ወንበሩ ላይ ወጣ። ጋቢ ደረብኩለት፤ ክብደቱ ያረጋጋዋል። እጁ ሥራ እንዳይፈታ የነጠላዬን ዘርፍ አስያዝኩት፣ እሱን እየፈተለ ተኛ። ዶክተሯ ሁለት ትእዛዝ በአንድ ላይ አልሰጠችውም። "አፍህን ክፈት።" ከፈተ። "ወደኔ ዙር።" ዞረ። "እስከ አሥር እቆጥራለሁ፣ ከዚያ እናርፋለን። ካልተመቸህ እጅህን አንሳ።" ገና መስታወቷን ስታስገባ እጁን አነሳ። አወጣችው። ጀመረች፣ ደግሞ አነሳ። ደግሞ አወጣችው። ፊቷ ላይ ቅር የሚል ነገር አላየሁም። እየፈተናት ነበር፤ ቃሏን ትጠብቅ እንደሆነ። እንደምትጠብቅ ሲያረጋግጥ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተና "እሺ፣ ቁጠሪ" አላት። ጥርሶቹን ሁሉ ቆጠረች። በዚያ ቀን ሌላ ምንም አልሠራችም።

የወደቀውን ሙሌት በሌላ ቀን የሠራችው ያለ ድሪል ነው። የተበላሸውን ክፍል በእጅ መሣሪያ ጠርጋ፣ ፍሎራይድ በሚለቅ የሙሌት ዓይነት ዘጋችው። ይሄ ዘዴ የተጀመረው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ ነው፤ የጥርስ ወንበርም መብራትም ለሌላቸው አካባቢዎች ታስቦ። ለልጄ የጠቀመው ግን ጩኸት ስለሌለው ነው። ያ የድሪል ድምፅ ሳይኖር መርፌም ሳያስፈልግ አለቀ። ጥርስ ሁሉ በዚህ አይሠራም፣ ግን ጠይቁ። ሌላም አለ፤ የብርና የፍሎራይድ ውሕድ የሆነ ፈሳሽ፣ መቦርቦሩ ላይ ተቀብቶ እንዳይስፋፋ የሚያቆም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የተበላሸውን ቦታ ያጠቁረዋል፤ ለፊት ጥርስ ብዙ ወላጅ አይወደውም። ቶሎ ለሚወድቅ የወተት መንጋጋ ግን እኔ ጥቁሩን እመርጣለሁ፣ ከጩኸትና ከትግል። ብዙ ጥርስ የተበላሸበትና በምንም መንገድ ሊታገስ የማይችል ልጅ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ሊሠራለት ይችላል። ያም የወላጅ ውድቀት አይደለም፤ የራሱ ቦታ ያለው ሕክምና ነው።

ማደንዘዣ ከተወጋ በኋላ ያለው ሁለት ሦስት ሰዓት አደገኛ ነው። የደነዘዘ ከንፈር ለልጅ መጫወቻ ነው። ያኝከዋል፣ ሳያመው ያቆስለዋል፣ በማግስቱ ያብጣል። ስለዚህ ከክሊኒክ ወደ ትምህርት ቤት አልመልሰውም፣ ድንዛዜው እስኪለቅ የሚታኘክ ነገርም አልሰጠውም። ሽልማቱ ከረሜላ አይደለም። ሰፈር ሜዳ ላይ ኳስ ነው፣ እስኪደክመው።

ኳስ ካልኩ ዘንድ፣ መውደቁ ለማይቀር ልጅ ወላጅ ይቺን ይያዝ። ቋሚ ጥርስ ከሥሩ ከወለቀ ነጩን ክፍል ብቻ ይዛችሁ አንሱት፣ ሥሩን አትንኩት፣ አትፈትጉት። ከቆሸሸ በቶሎ አለቅልቃችሁ መልሳችሁ ቦታው ክተቱት። ካልተቻለ ወተት ውስጥ አድርጋችሁ ሩጡ። የሚሻለው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መድረስ ነው። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳው ይችላል። የፊት ጥርሱ የተቀየረ ልጅ ካላችሁ ይሄን ለአስተማሪውም ንገሩ።

የሚቀጥለው ቀጠሯችን ለአራቱ የመጀመሪያ ቋሚ መንጋጋዎቹ ነው። ስድስት ዓመት አካባቢ የበቀሉት ናቸው፣ ላያቸው ጠልቆ የተሸነተረ፣ ቡሩሽ በደንብ የማይደርስበት። ዶክተሯ ሸንተረሩን ልትሸፍንለት ነው። ችግሩ ቁሱ እስኪይዝ ጥርሱ ለጥቂት ደቂቃ ደረቅ መሆን አለበት፤ ምላሱ ደግሞ አያርፍም። ተነጋግረን በአንድ ቀን አንድ ጥርስ ብቻ እንዲሠራ ወሰንን። ምራቁ ካስቸገረ እርጥበት የሚችለውን ዓይነት ትጠቀማለች። የቱን ጥርስ እናስቀድም ብላ የጠየቀችው እሱን ነው። የላይኛውን የቀኝ መርጧል፣ ወረቀቱ ላይም ከአሁኑ ስሎታል።